«ዘ ቢግ ስሊፕ»፦ ልብወለዱ፣ የ1945ቱ፣ የ1946ቱ ወይስ የ1978ቱ?

«ዘ ቢግ ስሊፕ» በሚል ስም አራት የተለያዩ ሥራዎች ይገኛሉ። አንደኛው ሬይመንድ ቻንድለር በ1939 ያሳተመው ልብወለድ ነው። ሁለተኛው ዳይሬክተር ሃዋርድ ሆክስ ሠርቶ የጨረሰው፣ በ1945 ግን ባሕር ማዶ ለነበሩ የአሜሪካ ወታደሮች ብቻ የታየው ፊልም ነው። ሦስተኛው ያው ፊልም ተከልሶ በኦገስት 1946 ለሕዝብ የወጣው ሲሆን፣ አራተኛው ማይክል ዊነር በ1978 ታሪኩን ወደ እንግሊዝ አገር ወስዶ የሠራው ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። መነሻቸው አንድ ቢሆንም አንዱን ያየ ሰው ሌላውን አይቻለሁ ማለት አይችልም።

ምክራችንን ከወዲሁ እንናገር። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው በ1946ቱ ይጀምር። ከወደደው ልብወለዱን ያንብብ። የ1945ቱን ከዚያ በኋላ ለማነጻጸር ይመልከተው፤ የ1978ቱን ቢዘለው ብዙ አይቀርበትም። ማን ማንን እንደገደለ አንድ በአንድ ካልተፈታለት እረፍት የሚያጣ ሰው ግን ከመጽሐፉ ቢጀምር ይሻለዋል። የ1946ቱ ፊልም የተቆረጠውና የተቀጠለው ለሌላ ዓላማ ነው፤ እንቆቅልሹን ለመፍታት ብቻ የሚከታተለው ሰው መሃል ላይ ይናደዳል።

ከማየት በፊት ስሞቹን መያዝ

የግል መርማሪው ፊሊፕ ማርሎ በ1946ቱ ፊልም ሃምፍሪ ቦጋርት ነው። ሎስ አንጀለስ ወደሚገኝ የባለጸጋ ቤት ይጠራና ጄኔራል ስተርንዉድ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው ኦርኪድ በሚበቅልበት የመስታወት ቤት ውስጥ ያነጋግሩታል። ቤቱ በሙቀትና በእርጥበት የታፈነ ስለሆነ ማርሎ ኮቱን አውልቆም ላቡ ያጠምቀዋል። ጋይገር የሚባል መጽሐፍ ሻጭ የትንሿ ልጃቸውን የካርመንን የዕዳ ወረቀቶች ይዞ ገንዘብ እየጠየቃቸው ነው፤ ማርሎ ይህን እንዲያስቆምላቸው ይፈልጋሉ። ክፍያው በቀን 25 ዶላርና ወጪው ነው። ከክፍሉ ሲወጣ ትልቋ ልጅ ቪቪያን (ሎረን ባኮል) ታስጠራዋለች፤ ማወቅ የፈለገችው አባቷ የቀጠሩት የጄኔራሉ ወዳጅ የነበረውንና የተሰወረውን ሪገንን ለማፈላለግ መሆኑን ነው።

ብዙ ተመልካች የሚጠፋው በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ነው፤ ስሞቹ ይደራረባሉ፣ ግማሾቹ ደግሞ ፊታቸው ሳይታይ በወሬ ብቻ ይመጣሉ። በአንዲት ወረቀት ላይ እነዚህን ጽፎ አጠገብ ማስቀመጥ ይረዳል። ኦወን ቴይለር የስተርንዉድ ቤት ሾፌር ነው። ጆ ብሮዲ ከዚህ በፊትም ከጄኔራሉ ገንዘብ የተቀበለ ሰው ነው። አግነስ የጋይገር ሱቅ ሠራተኛ ናት። ካሮል ላንድግረን ስሙ የሴት ቢመስልም የጋይገር ቤት ወጣት ወንድ ነው። ኤዲ ማርስ የቁማር ቤት ባለቤት፣ ካኒኖ የእሱ ነፍሰ ገዳይ፣ ሞና ደግሞ የማርስ ሚስት ናት። ሃሪ ጆንስ ዘግይቶ የሚመጣ አጭር፣ ታማኝና ምስኪን ሰው ነው፤ ኢላይሻ ኩክ ጁንየር በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የፊልሙን ምርጥ ትወና የሠራበት ቦታም እሱ ነው። ሪገንን ከሁሉም በላይ ያስምሩበት። በፊልሙ አንድ ጊዜ እንኳ አይታይም፤ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው ግን በእሱ ዙሪያ ነው። ያልታየ ሰው ቶሎ ስለሚረሳ መጨረሻው ግራ የሚያጋባው በዚህ የተነሳ ነው።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ቻንድለር ልብወለዱን የገነባው «ብላክ ማስክ» በተባለው መጽሔት ላይ ቀደም ብሎ ካወጣቸው አጫጭር ታሪኮች ነው፤ ዋናዎቹ የ1935ቱ «ኪለር ኢን ዘ ሬይን» እና የ1936ቱ «ዘ ከርተን» ናቸው። የመጀመሪያው የጋይገርን ጉዳይ ሰጠ፣ ሁለተኛው የተሰወረውን ሰው። ስፌቱ በመጽሐፉም በፊልሙም መሃል ላይ ይታያል። የጋይገር ጉዳይ ሲዘጋ፣ ማርሎም ሒሳቡ ተከፍሎት «በቃ አልቋል» ሲባል፣ ገና ግማሹ ነው። እዚያ ላይ አምስት ደቂቃ አቁሞ ስሞቹን መከለስ ሁለተኛውን ግማሽ በጣም ያቀለዋል።

የ1945ቱና የ1946ቱ፦ ምን ወጣ፣ ምን ገባ

ሆክስ ቀረጻውን በኦክቶበር 1944 ጀምሮ በጃንዋሪ 1945 ጨረሰ። ስክሪፕቱን ዊልያም ፎክነር፣ ሊ ብራኬትና ጁልስ ፈርትማን ጻፉት፤ ሙዚቃው የማክስ ስታይነር ነው። ዋርነር ብራዘርስ ግን ፊልሙን መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው። ጦርነቱ ሊያበቃ ስለተቃረበ በእጁ የነበሩት የጦርነት ፊልሞች ጊዜ ሳያልፍባቸው መውጣት ነበረባቸው፤ የመርማሪ ታሪክ ዓመት ቢቆይም አይበላሽም ተብሎ ተገመተ።

በዚያ መሃል የባኮል ስም አደጋ ላይ ወደቀ። ከቦጋርት ጋር የሠራችው የመጀመሪያ ፊልሟ «ቱ ሃቭ ኤንድ ሃቭ ኖት» በ1944 በአንድ ጊዜ ኮከብ አድርጓት ነበር። ቀጥሎ የወጣው «ኮንፊደንሻል ኤጀንት» ግን በ1945 በተቺዎች ክፉኛ አስነቀፋት። ወኪሏ ቻርልስ ፌልድማን ለስቱዲዮው አለቃ ለጃክ ዋርነር ጻፈ፤ ተመልካች የወደደው ያ ደፋርና ምላሰ ስለታም ጠባይዋ በአዲሱ ፊልም እንዲጎላ፣ አንዳንድ ትዕይንቶችም እንደገና እንዲቀረጹ ጠየቀ። ዋርነር ተስማማ። ተጨማሪውን ንግግር ፊሊፕ ኤፕስታይን ጻፈው፤ ቀረጻውም በጃንዋሪ 1946 ተካሄደ። ሁለቱ ተዋንያን ያን ጊዜ ባልና ሚስት ነበሩ፤ የተጋቡት በሜይ 1945 ነው።

ከወጡት ውስጥ ትልቁ ማርሎ ከፖሊሱ በርኒ ኦልስና ከዐቃቤ ሕጉ ጋር ተቀምጦ እስካሁን የሆነውን የሚዘረዝርበት ትዕይንት ነው። እዚያ ማን ማንን ለምን እንደገደለ እስከ ግማሽ መንገድ ድረስ በግልጽ ይነገራል። ቪቪያን ፊቷን በዓይነ ርግብ ሸፍና የምትታይበት ትዕይንትም ቀረ፤ ኮከቧን ለማሳየት የተሠራ ፊልም ፊቷን መሸፈኑ ለፌልድማን የማይታሰብ ነበር። የማርስን ሚስት በ1945ቱ ፓት ክላርክ ስትጫወት በ1946ቱ ፔጊ ክኑድሰን ተተክታለች።

ከገቡት ውስጥ ዝነኛው የፈረስ እሽቅድምድም ጨዋታ ነው። ማርሎና ቪቪያን ምግብና መጠጥ ባለበት ቤት ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ስለ ፈረስ ያወራሉ፦ ከፊት መርቶ የሚሮጥ ነው ወይስ ከኋላ ተነስቶ የሚቀድም፣ እስከ ምን ያህል ርቀት ይዘልቃል፣ ኮርቻው ላይ ማን ነው የሚቀመጠው። ወረቀት ላይ ያለው እያንዳንዱ ቃል የእሽቅድምድም ሜዳ ቃል ስለሆነ ሳንሱር የሚይዘው ነገር አላገኘም። ዓይናቸውንና የድምፃቸውን ዝግታ ያየ ግን ስለ ፈረስ እንዳልሆነ ወዲያው ይገባዋል። ባኮል አንዱን ዓረፍተ ነገር ጨርሳ ሌላውን ከመጀመሯ በፊት የምትተዋት ትንሽ ዝምታ ከንግግሩ በላይ ትናገራለች።

እንግዲህ ልውውጡ ይህ ነው፤ ማብራሪያው ወጥቶ ሁለቱ ሰዎች ገቡ። ትክክለኛ ውሳኔ ነበር ብለን እናምናለን። የዐቃቤ ሕጉ ቢሮ ትዕይንት ጠቃሚ መረጃ ቢሰጥም ወንዶች ተቀምጠው የሚያወሩበት ስለሆነ ፍጥነቱን ይገታል፤ ያን ሁሉ ሰምቶም ተመልካች ስለ ሁለተኛው ግማሽ የሚያውቀው አይጨምርም። ቢሆንም የ1945ቱ የራሱ ጥንካሬ አለው። ታሪኩ ቀጥ ይላል፣ ቪቪያን ይበልጥ ቀዝቃዛና የማትታመን ናት፣ ፊልሙም ከፍቅር ታሪክ ይልቅ ወደ ምርመራ ይጠጋል። መጽሐፉን አንብቦ የመጣ ሰው የ1945ቱን ቢመርጥ አንፈርድበትም።

በሁለቱም ውስጥ ማርታ ቪከርስን በደንብ ይመልከቷት። ካርመንን የምትጫወተው እሷ ናት፤ አውራ ጣቷን እየነከሰች፣ በሕፃን ፈገግታ አደገኛ ሰው ሆና። ቻንድለር ራሱ በአንድ ደብዳቤው ባኮልን ጨርሳ እንደሸፈነቻት፣ ትዕይንቶቿም በዚህ የተነሳ እንደተቆረጡ ጽፏል።

ሾፌሩን ኦወን ቴይለርን ማን ገደለው የሚለው ጥያቄ በየትኛውም ፊልም አይመለስም፤ በዚህ ራስዎን አያድክሙ። ቀረጻው ላይ የነበሩት ሰዎች ለቻንድለር ጠይቀው እሱም እንደማያውቅ መለሰ እየተባለ እስከ ዛሬ ይወራል። መጽሐፉ ውስጥ የሚሰጠው ፍንጭ ግን ድንቅ ነው። መኪናው የወደቡን አጥር በቀጥታ ጥሶ ባሕር ገብቷል። ፖሊሶቹ ሲያወጡት መሪው ላይ ያለው የእጅ ነዳጅ መስጫ ግማሽ ድረስ ወርዶ ተገኘ፤ የሾፌሩ ጭንቅላትም በጎኑ በኩል ተመትቷል። ሰው ሆን ብሎ እንደላከው ይመስላል፤ ራሱን እንደገደለም ይመስላል።

የያዙት የትኛው እንደሆነ ለማወቅ

በደቂቃ ብዛት ብቻ አይፍረዱ። የ1945ቱ ወደ 116፣ የ1946ቱ ወደ 114 ደቂቃ ነው፤ ልዩነቱ ትንሽ ነው። በዚያ ላይ ለአውሮፓ ቴሌቪዥን የተዘጋጀ የፓል ዲቪዲ በሰከንድ 24 የነበረውን ምስል በ25 ስለሚያስኬድ ሁሉንም በ4 በመቶ ያፋጥነዋል። ስለዚህ ጀርመን ወይም ጣሊያን የተገዛ የ1946ቱ ቅጂ 109 ደቂቃ ግድም ቢያሳይ የተቆረጠ ነገር የለም፤ ድምፁም በጥቂቱ ቀጥኖ ይሰማል። አስተማማኙ ፈተና ሌላ ነው፦ የፈረሱ ጨዋታ ካለ የ1946ቱ ነው፤ የዐቃቤ ሕጉ ቢሮ ማብራሪያ ካለ የ1945ቱ።

የ1945ቱ በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ (ዩሲኤልኤ) የፊልም ቤተ መዛግብት ተጠብቆ ቆይቶ በ1990ዎቹ ለሕዝብ ታየ። ዋርነር በ2000 ያወጣው ዲቪዲና በ2015 በዋርነር አርካይቭ ስም የወጣው ብሉሬይ ሁለቱንም ይይዛሉ፤ የቤተ መዛግብቱ ባለሙያ ሮበርት ጊት ልዩነቶቹን ጎን ለጎን የሚያሳይበት አጭር ፊልምም አብሮ አለ። ጊዜ ያጠረው ሰው የ1945ቱን በሙሉ ከማየት ይህን ማየት ይበቃዋል። በኢንተርኔት በኪራይ የሚቀርበው አብዛኛውን ጊዜ የ1946ቱ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የ1945ቱን የሚፈልግ ዲስኩን ይግዛ፤ ሲገዛም ሽፋኑ ላይ ሁለት ቅጂ መኖሩን ያረጋግጥ።

ልብወለዱ

ከዚህ በታች መጨረሻው ይነገራል፤ ማወቅ የማይፈልግ ወደ 1978ቱ ይለፍ።

መጽሐፉ ቀጭን ነው፤ 32 አጫጭር ምዕራፎች አሉት፤ ሁሉንም የሚተርከው ማርሎ ራሱ ነው። ፊልሙ ሊሰጥ የማይችለውም ይህን ድምፅ ነው፤ ቦጋርት ውስጡን ዘግቶ ሲጫወት የመጽሐፉ ማርሎ ያየውን ሁሉ፣ የሚጸየፈውንም የሚያዝንለትንም፣ ይነግረናል። ዕድሜው በመጽሐፉ 33፣ በፊልሙ 38 ነው። ቁመቱም ተለውጧል፦ በመጽሐፉ ካርመን ረጅም ነህ ትለዋለች፤ በፊልሙ ብዙም ረጅም አይደለህም ትለዋለች፤ ቦጋርት አጭር ስለነበር ጸሐፊዎቹ ቀልዱን ገልብጠው አዳኑት።

ትላልቆቹ ለውጦች የመጡት ግን ከሆሊዉድ የምርት ሕግ ነው። ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ ይሠራበት የነበረው ይህ ሕግ የብልግና ሥዕልን፣ ግብረ ሰዶምን፣ ሳይቀጣ የሚቀር ነፍሰ ገዳይን አይፈቅድም። ልብወለዱ ሦስቱንም ይዟል። የጋይገር ሱቅ የብልግና መጻሕፍት የሚከራዩበት ነው፤ ላንድግረን የጋይገር ፍቅረኛ ነው፤ ካርመን ጋይገር ቤት የምትገኘው ራቁቷን ፎቶ እየተነሳች ነው። ፊልሙ ልብስ አለበሳትና ሱቁ ምን እንደሚሸጥ ሳይናገር አለፈ። መጽሐፉን ያላነበበ ሰው «ታዲያ ለአንድ ፎቶ ይህን ያህል ሰው ለምን ይሞታል?» የሚለው ለዚህ ነው። ፊልሙ የተወው ፍንጭ አንድ ነው፦ ማርሎ ለአግነስ የ1860 «ቤን ሁር» ሦስተኛ እትም አለሽ ወይ ብሎ ይጠይቃታል፤ የለም ትለዋለች። ማዶ ያለችው መጽሐፍ ሻጭ (ዶሮቲ ማሎን) ግን እንዲህ ያለ እትም ጭራሽ እንደሌለ ትነግረዋለች፤ እውነትም «ቤን ሁር» የታተመው በ1880 ነው። አግነስ ስለ መጽሐፍ ምንም የማታውቅ ከሆነ ሱቁ የመጽሐፍ ሱቅ አይደለም።

መጨረሻው ፈጽሞ ይለያያል። በመጽሐፉ ሪገን የቪቪያን ባል ነው፤ የገደለችው ካርመን ናት፣ እምቢ ስላላት። ሬሳው አሮጌ የነዳጅ ጉድጓድ ውስጥ ተጥሏል። ማርሎ ሽጉጧን ባሩድ ብቻ ባለው ጥይት ሞልቶ ሲመልስላት እሱንም ልትገድል ትተኩስበታለች። ቪቪያን እህቷን ለመሸፈን በኤዲ ማርስ እጅ ወድቃ ኖራለች፤ ማርሎም ካርመንን ወስዳ እንድታሳክማት ሦስት ቀን ይሰጣታል፤ ለፖሊስ አይነግርም፤ አዛውንቱን አባት ላለማሳዘን ሲል ራሱም በቆሻሻው ውስጥ ይገባል። በፊልሙ ጥፋቱ ወደ ኤዲ ማርስ ዞሮ ማርስ በገዛ ሰዎቹ ጥይት በር ላይ ይወድቃል። ማርሎና ቪቪያን አንድ ላይ ሆነው የፖሊስ ሳይረን እየሰሙ ይቀራሉ። በመጽሐፉ ሁለቱ አይዋደዱም፤ የማርሎ ልብ የሚያዘነብለው ወደ ማርስ ሚስት ነው።

እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው ለሆነ አንባቢ ችግሩ የሴራው ውስብስብነት ሳይሆን የ1930ዎቹ የጎዳና አነጋገር ነው። ሻመስ የግል መርማሪ ነው፤ ግራንድ አንድ ሺህ ዶላር ነው፤ ሳፕ ጭንቅላት የሚመታበት አጭር ዱላ ነው፤ ጋት ሽጉጥ ነው። በየገጹ መዝገበ ቃላት ማገላበጥ የማይፈልግ ሰው በ2018 የወጣውን ባለ ማብራሪያ እትም ይምረጥ፤ በየገጹ ትይዩ ማብራሪያ ስላለው ወፈር ይላል። ለመጀመሪያ ንባብ ግን ማብራሪያዎቹ መጨረሻውን ቀድመው ሊነግሩ ስለሚችሉ ታሪኩን ብቻ አንብቦ በኋላ ወደ ማስታወሻዎቹ መመለስ ይመረጣል።

የ1978ቱ

ሮበርት ሚቸም ማርሎን የተጫወተው ይህ ሁለተኛው ነው፤ በ1975 በሌላ የቻንድለር ታሪክ ውስጥ ተጫውቶታል። ጄኔራሉ ጄምስ ስቱዋርት፣ ኤዲ ማርስ ኦሊቨር ሪድ፣ አግነስ ጆአን ኮሊንስ ናቸው። በስም ዝርዝር ማንም አይበልጠውም። የምርት ሕጉ በዚያን ጊዜ ስለሌለ ፎቶውንም ሱቁንም የሪገንን ገዳይም መጽሐፉ እንዳለው ያሳያል፤ በሴራ ታማኝነት ከሆክስ ይበልጣል።

ነገር ግን ቦታውና ጊዜው ጠፍቷል። ታሪኩ በ1970ዎቹ እንግሊዝ፣ በቀለም፣ በጠራራ ብርሃን ይካሄዳል። የቻንድለር ሎስ አንጀለስ በነዳጅ ሀብት የበለጸገ፣ ፖሊሱ በጉቦ የሚገዛበት፣ ዝናብ የሚያጥበው ቆሻሻ ያለበት ከተማ ነው፤ የስተርንዉድ ቤተሰብ ሀብት የመጣው ከቤቱ በታች ከሚታየው የነዳጅ ሜዳ ነው፤ ሬሳውም እዚያው ነው ያለው። ያንን ግንኙነት ለንደን ዳር ባለ የባላባት ግቢ መተካት አይቻልም። ሚቸምም በ60 ዓመቱ ግድም ስለነበር ሴቶቹ ሁሉ የሚመኙት ሰው መሆኑ አያሳምንም። ስቱዋርት ከሚቸም ጋር የሚነጋገርበትን የመጀመሪያ ትዕይንት ብቻ ለማየት ግን ይበቃል፤ የሽማግሌው ድካም እውነተኛ ነው።

ለማየት ሲቀመጡ

የ1946ቱ ንግግር ፈጣን ነው፤ ሆክስ ተዋንያኑ አንዱ የሌላውን ቃል እየነጠቁ እንዲናገሩ ያደርግ ነበር። እንግሊዝኛ ጥሩ ቢሆንም የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ ከታች ማብራት ይመከራል። ጥላው ብዙ ስለሆነ ስልክ ላይ፣ በቀን ብርሃን ማየት አያዋጣም፤ የጋይገር ቤት የሌሊት ትዕይንትና ሃሪ ጆንስ በመስታወት በር ጀርባ የሚታይበት ትዕይንት ጨለማ ክፍል ይፈልጋሉ። የቴሌቪዥኑን ምስል የሚያለሰልሰውን ማስተካከያ ያጥፉት፤ አለበለዚያ የ1940ዎቹ ፊልም ደቃቅ ነጠብጣብ ጠፍቶ ፊቶቹ ፕላስቲክ ይመስላሉ። የምስሉ ስፋትና ቁመት ተቀራራቢ ነው፤ ግራና ቀኝ ጥቁር መስመር መኖሩ ትክክል ነው። ቴሌቪዥኑ ለጥጦ ስክሪኑን እንዲሞላው ካደረጉት ባኮል አጭርና ወፍራም ሆና ትታያለች፤ አጉልቶ ከሞላው ደግሞ የሰዎቹ ግንባርና ባርኔጣ ይቆረጣል።